የጋራ ኤክሴላችን አጋዥ ነው ወይስ አጤሬራ?

የጥናት ግሩፑ አድሚን፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ግሩፓችን ውስጥ የተነሳው ክርክር ሊያጣላን ደርሷል። ከእኛ ውጭ ያላችሁ ሰዎች ሐሳብ ብትሰጡን ደስ ይለኛል።

ቢዝነስ ማቲማቲክስን በኦንላይን የምንማር ልጆች ነን። ብዙዎቻችን ደብረ ብርሃን ነን። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከእነዋሪና ከመሀል ሜዳ የሚማሩም አሉ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ የከፈትነው ሞጁሉ ስለከበደን ነው። እንግሊዝኛው ይከብዳል። ምሳሌዎቹ ደግሞ ሁለት ሦስት መስመር ዘለው መልሱ ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ የማትሪክሱንም የወለዱንም ፎርሙላ በአንድ ፋይል ሰብስበን ከሥሩ በአማርኛ ማብራሪያ ጻፍንበት። የኮርሱ መምህር አይቶታል። ኩዊዝ ስትሠሩ ከፍታችሁ ብታዩት ችግር የለውም ብሎናል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ችግሩ የመጣው በኤክሴሉ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ አለን። ብድሩን፣ ወለዱንና የወሩን ብዛት ስትሞሉለት ወርሃዊ ክፍያውን የሚያወጣ ፋይል ሠራ። የኩዊዙ ሲስተም ለእያንዳንዳችን የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጠን አንዱ የሌላውን መልስ መገልበጥ አይችልም። ኤክሴሉ ግን ማንኛውንም ቁጥር ይቀበላል። አሁን ኩዊዝ ሲከፈት ግማሹ ሰው በአንድ በኩል ጥያቄውን፣ በሌላ በኩል ኤክሴሉን ከፍቶ ቁጥር ይሞላል። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የማያነብም አለ።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ የፎርሙላው ፋይል ይቆይ፤ ኤክሴሉ ግን ኩዊዝ በተከፈተበት ሰዓት አይነካ። ግሩፑን ግን ማሳመን አልቻልኩም። ፋይሉን ልሰርዘው ወይስ ልተወው? ምን ትላላችሁ?

ኤክሴሉን የሠራሁት፣ ጠባሴ

ፋይሉ የኔ ስለሆነ እኔም ልናገር። የሠራሁት የራሴን አሳይመንት ለማመሳከር ነው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ እሠራለሁ፤ ከዚያ በኤክሴል አረጋግጣለሁ። ጓደኞቼ አይተው ላክልን አሉኝ፤ ላክሁላቸው። ለማንም መልስ አልሰጠሁም።

ደግሞ ኤክሴል ራሱ ፒኤምቲ የሚባል ፎርሙላ አለው። ወለዱን፣ የክፍያውን ብዛትና ብድሩን ስትሰጡት ክፍያውን ይነግራችኋል። ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘዋል። ባንክ ውስጥ ይህን በእጁ የሚያሰላ ሰው አለ? ሥራ ላይ የሚፈቀድ ነገር ትምህርት ላይ ለምን ጥፋት ይሆናል? ካልኩሌተር ተፈቅዶልናል። ካልኩሌተርና ኤክሴል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

እኔ ኤክሴሉን እጠቀማለሁ፤ አልደብቅም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው። የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ ጠዋት ቤት ገብቼ ትንሽ ተኝቼ እነሳለሁ። ኩዊዙ ደግሞ ሰዓቱ የተቆጠረ ነው። ቀኑን ሙሉ ላይብረሪ ከሚውል ልጅ ጋር እኩል ጊዜ የለኝም። ያ ፋይል ባይኖር ኮርሱን አቋርጬው ነበር። ሰርዙት ስትሉ እንደኔ ያለውንም አስቡ።

የሂሳብ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የጠባሴው ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ካልኩሌተር የሚያቀልልህ ማባዛቱንና ማካፈሉን ነው። 1.015ን 24 ጊዜ በራሱ ማባዛት ትዕግሥት እንጂ ዕውቀት አይጠይቅም። የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ የምትወስነው ግን አንተ ነህ። ኮርሱ የሚፈትነውም ይህንን ውሳኔ ነው። የአንተ ኤክሴል ውሳኔውን አስቀድሞ ወስኖ አስቀምጦታል። ተማሪው የሚቀረው ሣጥን መሙላት ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው 120,000 ብር ተበደረ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ በየወሩ ይታሰባል። የሚከፍለው በ24 ወር ነው። የወሩ ወለድ 1.5 በመቶ ይሆናል። 1.015 24 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.4295 ገደማ ነው። 1ን ለዚህ ስናካፍል 0.69954 ይመጣል። ይህን ከ1 ስንቀንስ 0.30046 ይቀራል። 120,000 በ0.015 ሲባዛ 1,800 ነው። 1,800ን ለ0.30046 ስናካፍል ወርሃዊ ክፍያው 5,991 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ ክፍያው በወሩ መጨረሻ ሲሆን ነው።

ጥያቄው «በየወሩ መጀመሪያ» ቢልስ? እያንዳንዱ ክፍያ አንድ ወር ቀድሞ ገባ ማለት ነው። መልሱ በ1.015 ይካፈልና ወደ 5,902 ብር ይወርዳል። ልዩነቱ በወር 89 ብር ገደማ፣ በ24 ወር ከ2,100 ብር በላይ ነው። ፒኤምቲ ይህን የሚለይበት ቦታ አለው። ክፍያው በመጀመሪያ ከሆነ 1፣ በመጨረሻ ከሆነ 0 ትሞላለህ። ምንም ካልሞላህበት በመጨረሻ ነው ብሎ ይወስዳል። ፋይልህ ይህን ይጠይቃል? ካልጠየቀ የተጠቀመበት ሰው ሁሉ እዚያ ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል።

አራሚውም የሚነቃው እዚህ ጋ ነው። የተማሪዎቹ ቁጥር የተለያየ ነው፤ መልሳቸውም የተለያየ ነው። ነገር ግን ሁሉም የተሳሳተ መልስ ለ1 ሲደመር የወሩ ወለድ ሲካፈል ትክክለኛውን መልስ ከሰጠ፣ ከአንድ ምንጭ እንደቀዱ ይጠረጥራል። አንድ ሰው ሲሳሳት ስህተት ነው። ሠላሳ ሰው በተመሳሳይ መንገድ ሲሳሳት ሌላ ነገር ነው።

ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቁጥር መስጠት አዲስ ዘዴ አይደለም። ዌብወርክ የሚባለው የሂሳብ የቤት ሥራ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው እንዲህ እንዲያደርግ ነው። ብዙ ተቋማት የሚጠቀሙበት ሙድል የተባለው የኦንላይን ትምህርት ሲስተምም ቁጥሩን የሚቀያይር የጥያቄ ዓይነት አለው። ዓላማው ተማሪዎች አብረው እንዲያጠኑ ግን እያንዳንዱ የራሱን እንዲሠራ ነው። የእናንተ ኤክሴል ይህን ዓላማ ያፈርሰዋል።

ፋይሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ልምምድ ላይ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ጥያቄው መቼና በማን ፈቃድ የሚለው ነው። ለፎርሙላው ፋይል ፈቃድ ጠይቃችኋል። ለኤክሴሉ ጠይቃችኋል?

አድሚን

አልጠየቅንም። መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። «በወሩ መጀመሪያ» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛው ኩዊዝ ላይ ነበር። አሁን ሳስበው ብዙ ሰው እሱን ነው የሳተው።

ስለ ጊዜ ላነሳኸው ወንድሜ፦ ያልከው እውነት ነው፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። ግን ሰዓት ካነሰህ ሰዓት ይጨመርልህ ብለን አብረን እንጠይቅ። የማታ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ኩዊዙ ሌላ ቀን እንዲከፈትለት መጠየቅ ነውር የለውም።

መሀል ሜዳ ያለሁ ተማሪ

እስካሁን ስለኛ የተናገረ የለም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

እኔ ኤክሴሉን ያየሁት ኩዊዙ ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ኔት ሲመጣ ይመጣል፤ ሲጠፋ ይጠፋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ሞጁል በፍላሽ ነበር የምንቀባበለው። ደብረ ብርሃን ደርሶ የተመለሰ ሰው ይዞልን ይመጣ ነበር። እናንተ የሠራችሁት የፎርሙላ ፋይልም የደረሰኝ እንደዚያው ነው። በጣም ጠቅሞኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ኤክሴሉ ግን ሌላ ነው። ያንን ኩዊዝ በወረቀትና በስልኬ ካልኩሌተር ነው የሠራሁት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የስልኬ ባትሪ እንዳያልቅ እየሰጋሁ ነው የጨረስኩት። ውጤት ሲወጣ ከግሩፑ ዝቅ ካሉት አንዷ ሆንኩ። መምህሩ ማርኩን የሚሰጠው ተማሪውን እርስ በርስ አወዳድሮ ከሆነ፣ የእናንተ ሙሉ ውጤት የኔን ማርክ ወደ ታች ይገፋዋል። ኤክሴሉ ማንንም አይጎዳም ያላችሁ ልጆች ይህን አስቡበት። እኔን ጎድቶኛል።

ኤክሴሉን የሠራሁት፣ ጠባሴ

እህቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከልቤ ነው የምልሽ። ፋይሉን ስልከው ለሁሉም እኩል የሚደርስ መስሎኝ ነው።

መምህር፣ ፋይሌ የወሩን መጀመሪያና መጨረሻ አይጠይቅም። ልክ ነዎት። ግን አሁንም ያልገባኝ ነገር አለ። እኔ ፋይሉን ስሠራ ፎርሙላውን አውቄው ነው። እኔ ብቻዬን ብጠቀምበት ኩረጃ ነው?

የሂሳብ መምህር

አንተ የሠራኸውን ታውቀዋለህ። ቢሆንም መምህሩ ያልፈቀደውን በኩዊዝ ሰዓት መጠቀም አልነበረብህም። ኮራጅ ግን አልልህም። ከሁሉም በላይ የተማርከው አንተ ነህ። ፋይሉን የሠራ ሰው ተምሯል፤ ፋይሉን የተቀበለ ግን አልተማረም። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ጓደኞችህ ልፋትህን ወስደዋል፤ ዕውቀቱ ግን አንተ ጋ ቀርቷል።

ሌሎች ይህን እንዴት እንደያዙት ልንገርህ። በ2012 በፈረንጆቹ የተጀመረው ኮርሴራ የሚባል የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ተማሪው መልሱ የራሱ እንዲሆን ይጠይቃል። አብሮ መሥራት በግልጽ ከተፈቀደ ሌላ ነገር ነው። የሠራውን መልስ ለሌላ ሰው መስጠትም አይፈቀድለትም። ይህ የመጨረሻው የሚመለከተው ሰጪውን ነው። ፕሮጀክት ኦይለር የሚባል የሂሳብና የፕሮግራሚንግ ጥያቄዎች ድረ ገጽ ደግሞ አለ። የመጀመሪያዎቹን 100 ጥያቄዎች አሠራር ሰው ለማስተማር በውጭ ማካፈል ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ግን አታካፍሉ ይላል። የት ድረስ ማካፈል እንደሚቻል ወሰኑን በግልጽ አስቀምጧል። የእናንተም ግሩፕ የጎደለው ይኼው ወሰን ነው።

የብድርና ቁጠባ ሠራተኛ፣ ሸዋ ሮቢት

ባንክ ውስጥ በእጁ የሚያሰላ የለም ላልከው ልጅ አንድ ነገር ልበል። እውነት ነው፤ እኛም ኮምፒውተር ነው የሚያሰላልን። ግን ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሰው የሚጠይቅህ «ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ለምን ይህን ያህል ሆነ?» ይልሃል።

እዚህ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ብድር ይወስዳሉ። መምህሩ የጠቀሱትን ብድር እንውሰድ፤ 120,000 ብር፣ 18 በመቶ፣ ሁለት ዓመት። ወለዱ በሚቀረው ዕዳ ላይ ከታሰበ የወሩ ክፍያ 5,991 ብር ገደማ ነው። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ ግን እንዲህ ነው፦ 120,000 በ18 በመቶ በ2 ዓመት 43,200 ብር ወለድ ይሆናል። ከዋናው ጋር 163,200 ይመጣል። ለ24 ሲካፈል በወር 6,800 ብር። ሁለቱም ውል ላይ የተጻፈው ያው 18 በመቶ ነው። ገበሬው ግን በሁለተኛው ከ19,000 ብር በላይ ጨምሮ ይከፍላል።

የአንተ ኤክሴል የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሣጥን ሲሞላ ተምሮ የመጣ ሠራተኛ ይህን ልዩነት ለገበሬው ማስረዳት አይችልም። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ አጋጥሞኛል። በዲግሪው ተቀጥሮ ደንበኛ ሲጠይቀው «ሲስተሙ ነው ያለው» ብሎ ይመልሳል። ደንበኛው ድሃ ነው፤ የሚከፍለው ከጎተራው ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። የክፍል ማርኩ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የፋብሪካ ሠራተኛ

ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ራሴ ብድር አለብኝ። ውሉን አውጥቼ አያለሁ።

የአብነት ተማሪ የነበርኩ፣ አንኮበር

ልጆች፣ እኔ ዘመናዊ ሂሳብ የተማርኩት ትንሽ ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ግን ተምሬያለሁ፤ እሱም ሂሳብ ነው።

የ2018ን ልሥራላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5,500 ዓመት ላይ 2018 ስንደምር 7,518። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። ከዚህ አንድ ስንቀንስ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ለ30 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አበቅቴው ይህ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ለ30 ሲካፈል 18 ይቀራል፤ መጥቅዑ ይህ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ 12 እና 18 ሠላሳ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው። 18 እና 7 ሃያ አምስት። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሩ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ትደርሳላችሁ።

ይህ ሁሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ተጽፎ ይገኛል። መምህሬ ካላንደር ማየት አልከለከሉኝም። ቀመሩን ከመጽሐፍ ማየትም አልከለከሉኝም። ሲጠይቁኝ ግን «ለምን አንድ ቀነስህ?» ይሉኛል። ዘመኑ ገና ስላላለቀ፣ ያልተፈጸመ ዓመት ስለማይቆጠር ነው የሚለውን ከአፌ መስማት ይፈልጋሉ። እሱን ካልመለስኩ ፋሲካን በትክክል ባወጣም ወደ ሚቀጥለው አያሳልፉኝም ነበር። መምህሩ ስለ ወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉት ነገር ይህንን አስታወሰኝ።

እናት፣ ደብረ ሲና

ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ የ12ኛ ክፍል ልጅ አለኝ። ድሮ ፈተና እየተሰረቀ በየስልኩ ሲዞር አይተናል። ከዚያ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰጥ ተባለ። በዚያ ዓይነት የመጀመሪያው ውጤት በ2015 ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ስንት ቤት እንደተለቀሰ አውቃለሁ። ልጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ማንም በጊዜ አላስጠነቀቃቸውም። እናንተ ከወዲሁ መነጋገራችሁ ደስ ብሎኛል።

አዲስ አባል፣ እነዋሪ

ኤክሴሉን ብትሰርዙትስ ምን ለውጥ ያመጣል? ፎቶማዝ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ይፈታል። ዎልፍራም አልፋ የሚባል ሂሳብ የሚፈታ ድረ ገጽም አለ። ቻትጂፒቲ ደግሞ በአማርኛም ያብራራል። ሁሉም ስልካችን ላይ ናቸው። ማን ይቆጣጠረናል?

የሂሳብ መምህር

ማንም አይቆጣጠርህም። እኔም ተቆጣጣሪ ልሁን አላልኩም። ከ2015 ጀምሮ ግን የመውጫ ፈተና አለ። ኮምፒውተር ክፍል ገብተህ ስልክህን ውጭ ትተህ ነው የምትቀመጠው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። እዚያ ፎቶማዝም የጋራ ፋይልም የለም። ያንን ፈተና ወድቀው ዲግሪያቸው የተያዘባቸውን ተማሪዎች አውቃለሁ። ሦስትና አራት ዓመት ከፍለው ነው።

እነዚህን ነገሮች ግን አትጥሏቸው። ጥያቄውን መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩ። ከዚያ ፎቶማዝ ያወጣውን ደረጃ ከናንተው ጋር አስተያዩ። የት እንደተለያያችሁ ፈልጉ። ጂኦጄብራ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ወለዱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ክፍያው እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከቱ። ካን አካዳሚም በነፃ ያስተምራል። ቻትጂፒቲ ግን ስሌት ላይ በልበ ሙሉነት ይሳሳታልና የሚላችሁን ሁሉ በካልኩሌተር አረጋግጡ።

አድሚን

ለመምህራችን ጽፌለት ነበር፤ ዛሬ መለሰልኝ። ስለ ኤክሴሉም ምንም ሳልደብቅ ነገርኩት።

የፎርሙላው ፋይልና ተራ ካልኩሌተር ለኩዊዝ ተፈቅዷል። ኤክሴልና መልስ የሚያወጣ ማንኛውም አፕ በኩዊዝ ሰዓት አይፈቀድም። ለልምምድ እንደፈለግን እንጠቀም። አሳይመንት ላይም ይቻላል፤ ግን በምን እንደሠራን ከላይ መጻፍና ደረጃዎቹን በእጃችን ማሳየት አለብን። ሁለተኛው ኩዊዝ ተሰርዟል። በምትኩ በአካል በምንገናኝበት የቱቶሪያል ቀን በወረቀት አጭር ፈተና ይሰጣል። ፈረቃ ላለበት ሰው ሌላ ሰዓት ይመቻችለታል።

ኩዊዙ በመሰረዙ ግሩፑ ውስጥ የተቆጡብኝ አሉ። ስማቸውን ለመምህሩ አልሰጠሁም፤ አልሰጥምም። ግን ባልነግረው ኖሮ የመሀል ሜዳዋ ልጅ ማርክ እንደዚያው ሊቀር ነበር።

ኤክሴሉን የሠራሁት፣ ጠባሴ

እኔ መሰረዙን አልወደድኩትም፤ እውነቱን ልናገር። በወረቀት የሠራነውም አብረን ነው የተሰረዝነው። ቢሆንም እቀበላለሁ። ፋይሉን አሁን እየቀየርኩት ነው። ቁጥር ስትሞሉ መልሱን ወዲያው አይሰጥም። መጀመሪያ «ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ?»፣ «ወለዱ በቀሪው ዕዳ ነው ወይስ በመነሻው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የናንተን መልስ ይቀበላል። ከተሳሳታችሁ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። የሸዋ ሮቢቱ ጋሼ፣ የሁለቱን ብድር ምሳሌ ልጠቀምበት?

የብድርና ቁጠባ ሠራተኛ፣ ሸዋ ሮቢት

ተጠቀምበት። ሌላም ምሳሌ ከፈለግህ እልክልሃለሁ።

መሀል ሜዳ ያለሁ ተማሪ

አድሚን፣ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ቱቶሪያሉ ደብረ ብርሃን ነው። ለመምጣት አንድ ቀን ቀድሜ መነሳት አለብኝ፤ ማደሪያም ያስፈልገኛል። ከዚህ ሌሎች ሁለት ልጆችም አሉ።

አድሚን

ለማደሪያው አታስቢ፤ ሴቶቹ እኔ ጋ ታድራላችሁ፤ ወንድ ካለ የጠባሴው ልጅ ቦታ አለኝ ብሏል። አዲሱን ፋይል በፍላሽ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ። ለማይመጡትም አብዝታችሁ ትወስዱላቸዋላችሁ። የምትነሱበትን ቀን ብቻ ጻፊልኝ።